ሄርማን ሄልሪግል (1831–1895)፦ የጥራጥሬ ሥር እባጭና የደረቅ መሬት ጥያቄ

መግቢያ

አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ሌሎች የጥራጥሬ ሰብሎች በሥራቸው እባጭ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተራድተው የአየርን ናይትሮጅን ለምግብነት እንደሚያውሉ ዛሬ እያንዳንዱ የአፈር ሳይንስ ተማሪ ያውቃል። ይህ እውቀት የተጨበጠው ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከፈጀ ክርክር በኋላ ነበር። ክርክሩን የዘጋው ሰው ሄርማን ሄልሪግል የተባለ ጀርመናዊ የግብርና ኬሚስት ነው። ስሙ በየመማሪያ መጽሐፉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀሳል፤ ሕይወቱና የሥራው ሂደት ግን እምብዛም አይተረክም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሄልሪግልን ሕይወት ከሥራው ጋር አያይዞ ማቅረብ ነው። ጸሐፊው በተለይ ሊያሳይ የሚፈልገው አንድ ነጥብ አለ። ሄልሪግል የሥራ ዘመኑን የመጀመሪያ አጋማሽ ሰብል ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ በመመርመር፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ደግሞ ሰብል ናይትሮጅንን ከየት እንደሚያገኝ በመመርመር አሳልፏል። በዝናብ አጠር አካባቢ ጥራጥሬ የሚያበቅል ገበሬ ዘወትር የሚጋፈጣቸው ሁለት እጥረቶችም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ታሪኩ ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ ለሚሠራ ተመራማሪ ከታሪክነት ያለፈ ፋይዳ አለው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሄልሪግል በኦክቶበር 21 ቀን 1831 በሳክሶኒ ግዛት፣ በፔጋው ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ማውዚትስ በተባለች መንደር ተወለደ። የተማረው በታራንት የደንና የግብርና አካዳሚ ሲሆን፣ መምህሩ ዩልየስ አዶልፍ ሽቶክሃርት ነበር። ሽቶክሃርት ኬሚስትሪን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለገበሬው ለማድረስ በመጻፍና በማስተማር የታወቀ ምሁር ነው። ሄልሪግልም ረዳቱ ሆኖ ሠርቷል።

ዘመኑ የግብርና ኬሚስትሪ በአውሮፓ እጅግ የተከበረበት ዘመን ነበር። ዩስቱስ ሊቢግ በ1840 ባሳተመው መጽሐፉ ዕፅዋት ከአፈር የሚወስዱት ማዕድናዊ ንጥረ ነገሮችን እንደሆነ ካስረዳ ወዲህ፣ በየግዛቱ የግብርና ሙከራ ጣቢያዎች መቋቋም ጀምረው ነበር። በ1857 በብራንደንቡርግ፣ ዳህመ በተባለች ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲከፈት መሪነቱ ገና ወጣት ለነበረው ለሄልሪግል ተሰጠ።

ዳህመ፦ የውኃ ዘመን

የብራንደንቡርግ መሬት በአብዛኛው አሸዋማ ነው። የዘነበውን ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፤ የያዘው ንጥረ ነገርም ጥቂት ነው። ለአካባቢው ገበሬ የዝናብ መዘግየት ማለት የምርት መጥፋት ማለት ነበር። ሄልሪግል በዳህመ ከተመራመረባቸው ጉዳዮች ዋነኛው ስለዚህ የውኃ ጉዳይ ሆነ።

ለምርምሩ የመረጠው መንገድ ቀላል ነበር። የመስክ አፈር ስብጥሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሚታየው ለውጥ ከምን እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። እሱ ግን በደንብ የታጠበ አሸዋ በዕቃ ውስጥ ሞልቶ፣ ለሰብሉ የሚያስፈልጉትን ንጥረ ነገሮች በታወቀ መጠን በውኃ አሟሟቶ ይጨምር ነበር። በዚህም ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ አንዱን ብቻ መለወጥ ተቻለ። ውኃን ለመመርመር ሲፈልግ ንጥረ ነገሩን አንድ ዓይነት አድርጎ፣ የአሸዋውን እርጥበት ከሙላት እስከ ድርቀት በደረጃ ይከፋፍላል፤ ዕቃዎቹንም እየመዘነ የጎደለውን ውኃ ይተካል። በዚህ ዓይነት ገብስና ሌሎች ሰብሎች በየትኛው የእርጥበት ደረጃ እንደሚበለጽጉና በየትኛው እንደሚቀጭጩ በቁጥር ማሳየት ቻለ።

ከዚሁ ሥራ ሌላ ውጤት ተገኘ። ሄልሪግል ሰብሉ በእድገት ዘመኑ የሚያተነውን ውኃ ከሚሰጠው ደረቅ ክብደት ጋር አነጻጸረ። በዳህመ የአየር ጠባይ አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ምርት ለማፍራት አብዛኞቹ ሰብሎች 300 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ እንደሚያተኑ አገኘ። ጥራጥሬዎቹ በዚህ ረገድ ከብርዕ ሰብሎች የራቁ አልነበሩም። ብሪግስና ሻንትስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በኮሎራዶ ግዛት ደረቅ ሜዳ ላይ በምትገኘው አክረን ተመሳሳይ ልኬት ሲያካሂዱ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ስፍራ ፍላጎቱ ከፍ እንደሚል፣ ማሽላና ዳጉሳ መሰል ሰብሎች በጥቂት ውኃ ሲበቃቸው አልፋልፋ ግን እጅግ ብዙ እንደሚፈልግ አረጋገጡ። መነሻ ያደረጉት ግን ከዳህመ የወረሱትን ጥያቄ ነው።

ሄልሪግል በ1873 ዳህመን ለቆ በአንሃልት ወደምትገኘው በርንቡርግ ተዛወረ። በዳህመ የሠራውን አጠቃሎ ያሳተመው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1883 ነው። መጽሐፉ ስለ ግብርና ሳይንሳዊ መሠረቶች የተጻፈ ሲሆን፣ የውኃ ሙከራዎቹ የመጽሐፉ ማዕከል ናቸው።

የቆየው ክርክር

በዚያን ጊዜ ስለ ናይትሮጅን የነበረውን ሁኔታ መረዳት ያስፈልጋል። ከአየር አምስት እጅ አራቱ ያህል ናይትሮጅን ቢሆንም፣ ሰብል ይህን ጋዝ በቀጥታ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ቡሲንጎ በ1838 ማገጥና አተር በአሸዋ ላይ አብቅሎ የናይትሮጅን ብልጫ አየ፤ ስንዴና አጃ ግን ይህን አላሳዩም። ቆየት ብሎ በ1850ዎቹ አሸዋውን በብርቱ እሳት አቃጥሎ፣ ተክሉን በመስታወት ዘግቶ ሙከራውን በጥንቃቄ ሲደግም ብልጫው ጠፋ። የአገሩ ሰው ዦርዥ ቪል ደግሞ ብልጫ አግኝቻለሁ ብሎ ተከራከረ። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ ላውስ፣ ጊልበርትና ፑ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1857 እና በ1858 ከሁሉ የጠነቀቀ ሙከራ አካሄዱ። አፈሩን አቃጠሉ፤ አየሩን አጠቡ፤ ውጤቱም ጥራጥሬም ሆነ የብርዕ ሰብል የአየርን ናይትሮጅን አይወስድም የሚል ሆነ።

ዛሬ ስንመለከተው ስሕተቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ሙከራቸውን ለማጥራት ሲሉ የሚፈልጉትን ነገር ራሱን በእሳት አጠፉት። ጥንቃቄያቸው በጨመረ ቁጥር ከእውነቱ ይበልጥ ራቁ። በዚያን ጊዜ ግን ከዚህ የበለጠ ሥራ አልነበረምና የብዙዎቹ ሊቃውንት እምነት ወደ ሮታምስቴድ ውጤት አዘነበለ።

ገበሬዎቹ በአንጻሩ ሌላ ነገር ያውቁ ነበር። ከጥራጥሬ በኋላ የተዘራ እህል እንደሚያምር ከጥንት ጀምሮ የታየ ነው። በሰሜን ጀርመን የሉፒትስ እርሻ ባለቤት የነበረው አልበርት ሹልትስ በደካማ አሸዋማ መሬቱ ላይ፣ የግብጦ ዘመድ የሆነውን ሉፒን የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሳይጨምር ለዓመታት እያከታተለ በመዝራት አፈሩ በናይትሮጅን እንደበለጸገ በ1881 ይፋ አደረገ። ሹልትስ ጥራጥሬን ናይትሮጅን ሰብሳቢ፣ የብርዕ ሰብልን ናይትሮጅን በላተኛ አድርጎ ለየ። ሰብሳቢነቱ በምን መንገድ እንደሚፈጸም ግን ማስረዳት አልቻለም።

ጉዳዩ የምሁራን ክርክር ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ እርሻ በዚያን ጊዜ ናይትሮጅን የሚገዛው ከደቡብ አሜሪካ ነበር፤ በመጀመሪያ ጓኖ የተባለውን የወፍ ኩስ፣ በኋላም ከአታካማ በረሃ የሚቆፈረውን ናይትሬት። ጥራጥሬ በእርግጥ ከአየር የሚሰበስብ ከሆነ፣ ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው የአሸዋማ መሬት ገበሬ በእጁ መፍትሔ ነበረው ማለት ነው።

በርንቡርግ፦ ሥርዓት ያልጠበቁት አተሮች

በርንቡርግ የሃርትስ ተራሮች ዝናብ በሚጋርዱት፣ ከጀርመን ደረቅ ክፍሎች አንዱ በሆነ አካባቢ ትገኛለች። ሄልሪግል በዚያ በ1882 የተቋቋመውን የሙከራ ጣቢያ መራ። የጣቢያው ተቀዳሚ ሥራ ስኳር የሚመረትበትን ሹገር ቢት የተባለ የሥር ሰብል ማጥናት ነበር። የጥራጥሬው ግኝት የተወለደውም ከዚህ ተቋም ነው። ረዳቱና የሥራ ባልደረባው ሄርማን ቪልፋርት ይባላል።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ከ1883 ጀምሮ በዳህመ የዳበረውን የአሸዋ ዘዴ ለናይትሮጅን ጥያቄ አዋሉት። ናይትሮጅን ፈጽሞ በሌለበት አሸዋ ሌሎቹን ንጥረ ነገሮች አሟልተው፣ ናይትሬት በደረጃ እየጨመሩ ገብስ፣ አጃና አተር ዘሩ። ገብስና አጃ እንደ ተጠበቀው ሆኑ። ናይትሬት በሌለበት ዕቃ ዘሩ የያዘውን ስንቅ ጨርሰው ቆሙ፤ በተጨመረላቸው መጠን ግን ምርታቸው በተመጣጠነ ሁኔታ አደገ። ከናይትሬቱ መጠን ምርቱን አስቀድሞ መተንበይ ይቻል ነበር።

አተሮቹ ለዚህ ሥርዓት አልተገዙም። ናይትሬት ባልተጨመረባቸው ዕቃዎች ውስጥ አንዳንዶቹ ቢጫ ሆነው ሲሞቱ፣ በአጠገባቸው በተመሳሳይ አሸዋ፣ በተመሳሳይ ውኃ፣ በተመሳሳይ እንክብካቤ የበቀሉት ሌሎቹ ጥቂት ሳምንት በረኀብ ከቆዩ በኋላ በድንገት አረንጓዴ ለብሰው እስከ ፍሬ ደረሱ። በአንድ ዕቃ ውስጥ እንኳ ጎን ለጎን የቆሙ ተክሎች የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው።

የዚህ ታሪክ ወሳኝ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከድግግሞሽ ወደ ድግግሞሽ ይህን ያህል የሚለያይ ውጤት ያገኘ ተመራማሪ ሙከራው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ወይም አማካዩን ወስዶ ሊያልፈው ይችላል። አማካዩ ቢወሰድ ኖሮ አተር ያለ ናይትሬት መጠነኛ ምርት ይሰጣል የሚል፣ የአንዱንም ዕቃ እውነት የማይገልጽ ቁጥር ይገኝ ነበር። ሄልሪግልና ቪልፋርት ልዩነቱን ራሱን የምርምር ጉዳይ አደረጉት። ናይትሬቱ፣ ውኃውና ብርሃኑ በሁሉም እኩል ከሆነ፣ ልዩነቱ የመጣው ወደ አንዳንዱ ዕቃ በአጋጣሚ ገብቶ ወደ ሌላው ካልገባ ነገር መሆን አለበት። በአጋጣሚ ከአየር ጋር የሚገባና ገብቶም የሚራባ ነገር ደግሞ ሕይወት ያለው መሆን አለበት።

ይህን መላምት ለመፈተን ያዘጋጁት ሙከራ ዛሬም የዘርፉ መለኪያ ነው። ለም አፈር በውኃ በጥብጠው ካጠለለ በኋላ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ወሰዱ። በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ይህ የአፈር ውኃ ሲጨመርላቸው አተሮቹ ሁሉ በለጸጉ፤ በሥራቸውም ላይ እባጭ ወጣ። ያው ፈሳሽ ከፈላ በኋላ ሲጨመር ግን ምንም ለውጥ አልታየም። አሸዋው በሙቀት መክኖ ከአየር ብናኝ በተጠበቀባቸው ዕቃዎች እባጭ አልወጣም፤ ተክሎቹም ናይትሮጅን አጥተው ቀሩ። ገብስና አጃ በአፈሩ ውኃ አልተጠቀሙም።

ከዚህ የተገኘ ሌላ ውጤት ለደረቅ መሬት ምርምር ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ ነው። ለአተር የጠቀመው የለም እርሻ አፈር ውኃ ለሉፒንና ሴራዴላ ለተባለው የመኖ ተክል አልጠቀመም። ሉፒን ሲበቅልበት ከኖረ አሸዋማ መሬት የተወሰደ የአፈር ውኃ ሲጨመርላቸው ግን ወዲያው ለወጣቸው። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ ያለው ረዳት አንድ ዓይነት አልነበረም፤ እያንዳንዱ የጥራጥሬ ወገን የራሱ አጋር እንዳለውና ይህም አጋር በሁሉም ቦታ እንደማይገኝ ታወቀ።

በርሊን፣ 1886

በሴፕቴምበር 20 ቀን 1886 ሄልሪግል በበርሊን በተደረገው የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ውጤቱን አቀረበ። የብርዕ ሰብሎች ናይትሮጅናቸውን ከአፈር ብቻ እንደሚያገኙ፣ ጥራጥሬዎች ግን ከአፈር በተጨማሪ የአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኙ፣ ይህም የሚሆነው በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ረዳትነት እንደሆነ፣ የሥር እባጮችም ከዚህ ተግባር ጋር የተያያዙ እንደሆኑ አስረዳ። ሙሉው ሥራ በ1888 ከቪልፋርት ጋር በጋራ ስም፣ የሹገር ቢት ኢንዱስትሪ ማኅበር ለሚያሳትመው መጽሔት ተጨማሪ ሆኖ ወጣ።

የሥር እባጭ ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ማልፒጊ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሥሎታል፤ ሩሲያዊው ቮሮኒን በ1866 በውስጡ ባክቴሪያ መሰል አካላት መኖራቸውን ገልጿል። ሆኖም አንዳንዶቹ እባጩን በሽታ፣ ሌሎቹም የፕሮቲን ማከማቻ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ሄልሪግል ያደረገው ነገር እባጩን፣ ባክቴሪያውንና የናይትሮጅኑን ብልጫ በአንድ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ማያያዝ ነው።

ላውስና ጊልበርት የቀድሞ ድምዳሜያቸውን ለመጠበቅ ሲሉ አልተከራከሩም። ከ1888 ጀምሮ ሙከራውን በሮታምስቴድ ደግመው የሄልሪግልን ውጤት አጸኑ። ሠላሳ ዓመት ያህል የቆመን የራስን ድምዳሜ በራስ እጅ ማፍረስ በሳይንስ ታሪክ ዘወትር የሚታይ ነገር አይደለምና ይህም ሊዘነጋ አይገባውም።

ከሄልሪግል በኋላ

ሄልሪግል ባክቴሪያውን ለይቶ አላሳደገም። ይህን የፈጸመው ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባይሪንክ ነው፤ በ1888 ከባቄላና ከሌሎች ጥራጥሬዎች እባጭ ባክቴሪያውን በንጹሕ ለይቶ አወጣ። በማግስቱ ዓመት አልበርት ፍራንክ ለፍጡሩ ራይዞቢየም የሚለውን ስም ሰጠ። ሽሎይዚንግና ሎራን የተባሉ ፈረንሳውያን ደግሞ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው የናይትሮጅን ጋዝ ሲቀንስ በቀጥታ ለኩ። በዚህም ከተክሉ የተገኘው ብልጫ ከአየሩ ጉድለት ጋር ተገናዘበ።

ሄልሪግል በሴፕቴምበር 24 ቀን 1895 በበርንቡርግ አረፈ፤ ዕድሜው 63 ነበር። እሱ በሞተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኖበና ሂልትነር የተባሉ ጀርመናውያን ባክቴሪያውን አባዝተው ኒትራጊን በሚል ስም ለገበያ አቀረቡ። በበርንቡርግ ዕቃዎች ውስጥ በጥቂቱ የፈሰሰው የአፈር ውኃ ዛሬ ሕያው ማዳበሪያ የምንለው ነገር ቅድመ አያት ሆነ።

ለደረቅ መሬት ያለው ፋይዳ

ሄልሪግል የውኃንና የናይትሮጅንን ጥያቄ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ዕቃ መረመረ። ሁለቱን ያገናኘው የኋለኛው ምርምር ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ በብዙ ጥራጥሬዎች አፈሩ መድረቅ ሲጀምር የናይትሮጅን ማዋሐድ ተግባር ከቅጠሉ ሥራ ቀድሞ ይዳከማል። ድርቀት የእባጩን የስኳር አጠቃቀም ያውካል፤ ኦክሲጅን ወደ ውስጡ እንዳይገባ ያግዳል፤ የተዋሐደውም ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ተከማችቶ ተጨማሪ ሥራን ይገታል። በሌላ በኩል ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ወደ ሥር የሚጓዘው በቀጭን የውኃ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ፣ በደረቀ አፈር ውስጥ ሕይወቱ ቢቆይ እንኳ ሥሩን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዝናብ አጠር አካባቢ የመኖር፣ ሥርን የመውረርና በእባጩ ውስጥ የመሥራት ችሎታዎች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን የሚያሟላ ዝርያ ሌላውን ላያሟላ ይችላል።

ደረቅ መሬት ማለት ግን ባክቴሪያ አልባ መሬት ማለት አይደለም። በሴኔጋል ፋይደርቢያ አልቢዳ ከተባለው የግራር ዘመድ ሥር ተመራማሪዎች 34 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳይቀር እባጭ ፈጣሪ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል። ዛፉ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ማሳዎችም ይታወቃል። ረዳቱ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ወርዷል፤ ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናሙና የሚወስድ ጥናት ሊያየው አይችልም።

የሉፒኑ ትምህርትም ለእኛ ቅርብ ነው። በጎጃም በደካማ መሬት ላይ የሚዘራው ግብጦ የሄልሪግል ሉፒን የቅርብ ዘመድ ነው። በክረምት መውጫ ተዘርቶ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ የሚደርሰው ሽምብራ፣ በስምጥ ሸለቆ የሚዘራው ቦሎቄ፣ በደጋ የሚዘራው ባቄላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አጋር ይሻሉ። ለአንዱ የተመረጠ ባክቴሪያ ለሌላው ባይረዳ፣ ወይም እርጥበት ባለበት የተፈተነ ዝርያ በደረቅ ወረዳ ባይሠራ ሊያስገርም አይገባም። የተሻለው ረዳት ሰብሉ ለረጅም ዘመን በኖረበት በዚያው ደረቅ አፈር ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል፣ ከአሸዋማው የሉፒን ማሳ የተወሰደው ውኃ ከ130 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት አመልክቷል።

ማጠቃለያ

የሄልሪግል ሥራ ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ የሙከራ ንድፉ አሁንም መመሪያ ነው፤ ናይትሮጅን የሌለው፣ ናይትሮጅን በደረጃ የተሰጠው፣ ሕያው ባክቴሪያ የተጨመረለትና በሙቀት የመከነ ባክቴሪያ የተጨመረለት ምድብ ጎን ለጎን ካልቆሙ፣ ለታየው እድገት ምክንያቱ ባክቴሪያው ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጥንቃቄ ብቻውን ወደ እውነት አያደርስም፤ የሮታምስቴድ እሳት ይህን ያስታውሰናል። ሦስተኛ፣ በድግግሞሾች መካከል የሚታይ ትልቅ ልዩነት ከመጣሉ በፊት መጠየቅ አለበት።

በደረቅ ማሳ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ ሦስተኛው ነገር በየዓመቱ ይገጥመዋል። ባክቴሪያ የተቀባው ዘር በአንዱ መደብ ለምልሞ በሌላው ቢጫ ይሆናል፤ አማካዩም የጎላ ልዩነት አላሳየም ተብሎ ይመዘገባል። የለመለመውን ተክል ነቅሎ ሥሩን ማየት፣ ቢጫውንም ነቅሎ ማነጻጸር፣ የሁለቱን መደብ እርጥበት መለካት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በበርንቡርግ ሥርዓት ያልጠበቁት አተሮች የተናገሩት የተሰሙት፣ እንዲህ ጎን ለጎን ተነቅለው ስለታዩ ነው።